ኢንቨርተር የሚቃጠለው በ12 ቮልቱ በኩል ነው፦ መኝታ ባለው መኪና ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኢንቨርተር የባትሪን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራቱ 220 ቮልት የሚቀይር ዕቃ ነው። ሰው 220ን ይፈራል፣ 12ን ይንቃል። ባትሪ በባዶ እጅ ቢነካ አይነዝርማ! ድሬዳዋ ውስጥ ግን ወደ ጅቡቲ ድንበር ከሚወስደው የደወሌ መስመር ከሚመለስ የጭነት መኪና ጋቢና፣ አልጋና ፍሪጅ ከተገጠመለት ሚኒባስ፣ ወይም ሐረርን ለማየት ድንበር አቋርጦ ከመጣ የውጭ መንገደኛ መኪና ተፈትቶ ለጥገና የሚመጣ ኢንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው በባትሪው በኩል ነው። 1000 ዋት በ220 ቮልት 5 አምፔር እንኳ አይሞላም። ያው 1000 ዋት በ12 ቮልት፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመርበት፣ ወደ 100 አምፔር ይጠጋል። 100 አምፔር አይነዝርም፤ ካቦ ግን ያቀልጣል።

ቀጭን ካቦ በረጅም መንገድ

ባትሪው ኮፈኑ ስር ነው፣ ኢንቨርተሩ ከኋላ አልጋው ስር። በመሃል 5 ሜትር አለ፤ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ሲደመሩ 10 ሜትር። ይህን በ6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የዘረጋ ሰው የሚያሰማው ቅሬታ ሁሌም አንድ ነው፦ «አቦ፣ ባትሪው አዲስ ነው፣ ይሄ ነገር ግን ትንሽ ሠርቶ ይጮሃል።»

ምርመራው አጭር ነው። 600 ዋት የሚስብ ነገር ይሰካና ቴስተሩ (ቮልት መለኪያው) መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ኢንቨርተሩ ጀርባ ካሉት ብሎኖች ላይ ይደረጋል። ባትሪው 12.4 እያሳየ ኢንቨርተሩ ጋ 10.7 ብቻ ይደርሳል። 1.7 ቮልቱ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል፤ ሽቦውን ብትዳብሱት ይገባችኋል። ብዙ ኢንቨርተሮች 10.5 አካባቢ ራሳቸውን ስለሚያጠፉ፣ ጩኸቱ «እየተራብኩ ነው» ማለት ነው። ያው ርቀት በ35 ካሬ ሚሊሜትር ቢሠራ የሚጠፋው 0.3 ቮልት ገደማ ነበር። ስንቱ ሰው ይህን ሳይለካ አዲስ ባትሪ ገዝቷል!

ከሁሉ የሚሻለው ግን ኢንቨርተሩን ወደ ባትሪው ማቅረብ ነው። መርዘም ያለበት የ220 መስመር ነው፤ እሱ በቀጭን ገመድም ይሄዳል። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ካቦ ስትገዙ ደግሞ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ከመዳቡ ሥር ነጭ ከወጣ፣ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ በተጻፈበት ውፍረት አትመኑት።

ፊውዙን በሽቦ መቀጠል

«ፊውዝ እስኪገኝ ነው» ይባልና በዚያው ይቀራል። ፊውዙ የሚጠብቀው ኢንቨርተሩን ብቻ አይደለም። ካቦው ከብረት ጋር ተፋግቶ ልባሱ ቢላጥና አካሉን ቢነካ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንዴ ይለቃል፤ ከላዩ ደግሞ ፍራሽ አለ። ስለዚህ ዋናው ፊውዝ መቀመጥ ያለበት ባትሪው አጠገብ፣ ፖዘቲቩ ላይ፣ ከ20 ሳንቲሜትር ባልራቀ ቦታ ነው። ለ1000 ዋት በ12 ቮልት 125 ወይም 150 አምፔር፣ ካቦው ያንን የሚችል ከሆነ። ኢንቨርተሩ አጠገብ የተገጠመ ፊውዝ ካቦውን አያድነውም።

የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳም እዚሁ ይነሳ። የራሱ ፊውዝ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ነው፤ ስልክና ላፕቶፕ ይችላል፣ ከ150 ዋት በላይ ግን አትጠይቁት።

ከሁለት ባትሪ አንዱን ብቻ ማለብ

ይህ የከባድ መኪና ሾፌሮች በሽታ ነው። አይሱዙውም ሲኖውም ባለ 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞ። ሾፌሩ እጁ ላይ ያለው ባለ 12 ኢንቨርተር ስለሆነ ከአንደኛው ባትሪ ላይ ይስባል። ይሠራል፤ ችግሩም መሥራቱ ነው። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ አይቶ ነው የሚሞላው። የሚታለበው ባትሪ ሳይሞላ ሲቀር፣ ያልተነካው ደግሞ ከልኩ በላይ ተሞልቶ ውኃውን ያፈላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፣ ጥፋቱም በባትሪው ፋብሪካ ይሳበባል። መፍትሔው ባለ 24 ኢንቨርተር መግዛት ወይም 24ን ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ መሃል ማስገባት ነው። ባለ 12ቱን በቀጥታ 24 ላይ የሰካ ሰውማ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ሲፈነዳ ጎረቤትም ይሰማል።

ሞተር በሚያስነሳ ባትሪ ማደር

የሞተር ማስነሻ ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲፈስ ይሞታል። ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል፤ 12.1 ሲደርስ ግማሹ አልቋል፤ ከዚያ በታች መውረድ ዕድሜውን መብላት ነው። የኢንቨርተሩ 10.5 ከዚህ እጅግ ይዘገያል። እሱ ሲጠፋ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖም የሚያዞርበት አጥቷል፤ ደወሌ መንገድ ላይ ጠዋት መኪና መግፋት ይመጣል። ለመኝታው ክፍል ለሶላር የሚሸጠውን ዓይነት ባትሪ ለብቻው ግጠሙና፣ ሞተሩ ሲጠፋ ከዋናው የሚለያይ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው።

ሂሳቡም አብሮ ይታሰብ። 1000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጀበና ጥዳችሁ ግማሽ ሰዓት ብትቆዩ 50 አምፔር ሰዓት (የባትሪ መያዣ መለኪያ ነው) ሄደ፤ ባለ 100 ባትሪ ግማሹ ማለት ነው። ቡናው በጋዝ ይፈላ። ማንም ሳይጠቀምበት በርቶ የሚያድር ኢንቨርተርም ይበላል፦ 10 ዋት እንኳ ቢስብ በ24 ሰዓት 20 አምፔር ሰዓት ነው። ፍሪጅ ከሆነ ዓላማችሁ በቀጥታ በ12 የሚሠራውን ፈልጉ። ባለ 220 ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ስለሚጠይቅ፣ «80 ዋት ነው» ብላችሁ በ300 ዋት ኢንቨርተር ልታስነሱት ስትሞክሩ ታፍራላችሁ። ከዚያም በላይ ንጹህ ሞገድ (እንደ መብራት ኃይል መስመር ለስላሳውን) የማይሰጠው ርካሹ ዓይነት ኢንቨርተር ኮምፕረሰርና ፋን ያስጓራል፣ ያሞቃልም።

የድሬን ሙቀት መርሳት

ሐረር ላይ ቀኑን ሙሉ ያለ ቅሬታ የሠራ ኢንቨርተር የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ በየሰዓቱ የሚጠፋበት ምክንያት ምስጢር አይደለም። ሐረር 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1200 ላይ። በግንቦት ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ብርድ ልብስ ተደግፎበት ያለ ኢንቨርተር የተጻፈበትን ዋት አይሰጥም። ፋኑ ፊትና ጀርባው ላይ ክፍት ቦታ ተዉለት። ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ ኮፈን ስር መክተት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። አቧራውን በኮምፕረሰር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፤ እንዲሁ ካሽከረከራችሁት ኩሽኔታው ይበላሻል።

ጥገናው ላይ

ሽፋኑ ሲከፈት የመጀመሪያው ስህተት «ባትሪው ተነቅሏል፣ ሰላም ነው» ማለት ነው። ውስጡ 300 ቮልት ያለፈ ኃይል ያዘለ ካፓሲተር አለ፣ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማንጫጫት ቦርዱን ይጎዳል፤ ባለ 220 አምፖል ሁለቱን ጫፍ አስነክታችሁ አራግፉትና በቴስተር አረጋግጡ።

ሁለተኛው፣ የተቃጠለውን ትራንዚስተር ብቻ መቀየር። በባትሪው በኩል ያሉት ትራንዚስተሮች፣ ሞስፌት የሚባሉት፣ ጎን ለጎን ሆነው ሸክሙን ይካፈላሉ። አንዱ ሲሄድ ሌሎቹም ተመትተዋል፤ አዲሱ ደግሞ ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል አይሠራም። በአንድ ወገን ያሉትን በሙሉ፣ ከአንድ ግዢ፣ ቀይሩ፤ እግራቸው ላይ ያሉትን ትንንሽ ሬዚስተሮችና የሚነዳቸውን አይሲ (ቺፕ) ሳትለኩ አታብሩ። ትራንዚስተሩንና አሉሚኒየሙን የሚለየው ስስ መከለያ ተቀዶ ከሆነ አዲሶቹም በሰከንድ ይከተላሉ።

ሦስተኛው፣ ጠግኖ በቀጥታ ባትሪ ላይ መስካት። የመኪና የፊት መብራት አምፖል ፖዘቲቩ ላይ በተከታታይ አስገቡና ምንም ሳትጭኑ አብሩት። አምፖሉ ቦግ ብሎ እንደበራ ከቆየ ሾርት አለ፤ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ወደ ቀጣዩ ፍተሻ እለፉ። ይህ አንድ አምፖል የሞስፌቶቹን ሁሉ ዋጋ ያድናል።

አራተኛው ብዙ ባለሙያ ያሳስታል። ርካሹ ኢንቨርተር ትክክለኛ 220 እየሰጠ ተራ ቴስተር 170 ወይም 180 ሊያነብ ይችላል፤ ቴስተሩ የሚያሰላው ለንጹህ ሞገድ ነውና። «ቀንሷል» ብሎ ውስጥ ያለችውን ማስተካከያ ያዞረ ሰው የደንበኛውን ቴሌቪዥን ያቃጥላል።

ለባለቤቱ ደግሞ አንድ ነገር፦ ሆቴል ግቢ ቆማችሁ የመብራት ኃይልን መስመር ስታስገቡ፣ ኢንቨርተሩ ከዚያው ማከፋፈያ ጋር ተያይዞ እንዳይገኝ። ሁለቱ በአንድ ሽቦ ላይ ከተገናኙ ኢንቨርተሩ ወዲያው ይሄዳል። አንዱ ሲገባ ሌላው የሚቆረጥበት መለወጫ ማብሪያ አስገጥሙ።

ቦርዱ ራሱ ከስሎ ጥቁር ከሆነ ግን አታስጠግኑት። ከሰል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቢፋቅም ውስጥ ለውስጥ ይቀራል። ፋኑን፣ ትራንስፎርመሩንና የአሉሚኒየም ቀፎውን ለመለዋወጫ አስቀሩና ሌላ ግዙ።