ለክትትል ሄጄ ወልጄ ተመለስኩ፦ ልጅ ቀድሞ ሲመጣ ምን ይደረጋል

ማክሰኞ ነበር። በምሳ ሰዓት ለእርግዝና ክትትል ሄድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ 200 ብር፣ የክትትል ካርዴና ባትሪው 18 በመቶ የቀረው ስልክ ነበር። ገና 30 ሳምንቴ ነው። ነርሷ የደም ግፊቴን ለካች። ዝም አለች። እንደገና ለካች። 160 በ110። ሽንቴ ላይም ፕሮቲን ተገኘ፤ በእርግዝና የሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት ነው ማለት ነው። «ዛሬ ቤት አትሄጂም» አለችኝ። እኔ እኮ ቢሮ ኮምፒውተሬን እንኳን አላጠፋሁም!

ልጄ በስምንተኛው ቀን ተወለደች። 31 ሳምንት ከ1 ቀን፣ 1,380 ግራም። 34 ቀን ሆስፒታል ቆየች። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ብዬ የተመኘሁትን ነው የምጽፍልሽ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር ከበዛብሽ ቻይኝ።

ምልክት አልነበረም ማለት አልችልም። ቀለበቴ አልወልቅ ብሎኝ ነበር፤ እርግዝና ነው አልኩ። ራሴን ያመኝ ነበር፤ ቡና ስለቀነስኩ ነው አልኩ። ከ20 ሳምንት በኋላ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ካለብሽ የቀጠሮሽን ቀን አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሄደሽ ተለኪ። 140 በ90 ከደረሰ ቀልድ የለም።

ሲያስተኙሽ «መቼ ነው የምወጣው?» እያልሽ አትድከሚ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የጠየቅኩት እሱን ነው፤ መልሱን ማንም አያውቀውም። የሚጠቅምሽ ጥያቄ ሌላ ነው። አንደኛ፣ «ለሳንባዋ የሚሰጠው መርፌ ተጀምሯል?» በይ። ለእኔ የተሰጠኝ ዴክሳሜታሶን ነው፤ በየ12 ሰዓቱ፣ አራት ጊዜ። የልጁን ሳንባ ለማዘጋጀት ጊዜ ስለሚፈልግ ቶሎ ቢጀመር ይሻላል። ሁለተኛ፣ «የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል እዚህ አለ? ቦታስ አለው?» ሌላ ቦታ መሄድ ካለብሽ ልጅሽ ሆድሽ ውስጥ ሆና ብትሄዱ ተወልዳ ከምትጓዝ ይሻላል። ደግሞ ማግኒዥየም ሲሰጡሽ ከውስጥ እሳት የለኮሱብሽ ይመስልሻል። አትደንግጪ፤ እንዳያንቀጠቅጥሽ ነው። ትንፋሽ ከከበደሽ ግን ቶሎ ተናገሪ።

ከቤት የሚመጣልሽን ዕቃ በተመለከተ፦ ረጅም ገመድ ያለው ቻርጀር፣ ነጠላ ጫማ፣ ፊት ለፊቱ የሚከፈት ሸሚዝ፣ ጋቢ። እና ደብተር። ባለቤቴ ሦስት ፌስታል ሙሉ ብርቱካን አመጣ እንጂ ደብተሩን የገዛልኝ በአራተኛው ቀን ነው።

ስለ ኦፕራሲዮኑ ብዙ አልልም። ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ አለ፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይል ጀመር፣ ወሰዱኝ። እንደ ድመት ግልገል ያለ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ይዘዋት ሮጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ማንም ያልነገረኝ። አጠገብሽ ያሉት እናቶች ልጃቸውን ታቅፈዋል፤ ያንቺ አልጋ ባዶ ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይልሻል፣ ከዚያ ዓይኑ ልጁን ይፈልጋል። ያን ጊዜ ሥራ ያስፈልግሻል። ሥራሽ ደግሞ ወተት ነው። ከቻልሽ ከወለድሽ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማለብ ጀምሪ። እጅሽን ታጠቢ። አውራ ጣትሽን ከጡትሽ ጥቁር ክብ ከፍ አድርገሽ፣ ሌሎቹን ከሥሩ ያዢ። ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ጨመቅ አድርጊ፣ ልቀቂ። ቆዳሽን አታንሸራቺ፤ እሱ ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም። በቀንና በሌሊት ቢያንስ ስምንት ጊዜ። የሌሊቱን አትዝለዪ። መጀመሪያ ቀን የሲሪንጅ ጫፍ የማይሞላ ቢጫ እንገር ወጣልኝና አፍሬ ልደፋው ስል ሲስተሯ ነጠቀችኝ። «ይሄ ለሷ ክትባት ነው» አለችኝ። ልጄ የጀመረችው በ3 ሚሊ ሊትር ነው፣ በየ3 ሰዓቱ፣ በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አንድ ላይ ማቀናጀት የሚጀምሩት 34 ሳምንት አካባቢ ስለሆነ «ለምን አትጠባም» ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

ወደ ክፍሉ ስትገቢ ቀለበትም ሰዓትም አምባርም ይወልቃል፤ እስከ ክርን ድረስ ትታጠቢያለሽ። ደብተሩ ላይ በየቀኑ ክብደቷን፣ የምትወስደውን ወተትና የተለወጠውን ነገር ጻፊ። የእኔዋ በመጀመሪያ ሳምንት ወደ 1,260 ወረደች። ጨርቄን ጥዬ ልሄድ ነበር። ለካ መጀመሪያ መቀነስ የሚጠበቅ ነው። በ13ኛው ቀን የተወለደችበት ላይ ተመለሰች።

አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ወተት ይዤ ስገባ አልጋዋ ባዶ ነው። አንሶላው ተጠቅልሏል። የዚያን ደቂቃ ስሜት አልጽፈውም። ቢጫ ሆና ወደ ብርሃን ሕክምና አዛውረዋት ነበር፤ የነገረኝ ግን የለም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተረኛዋን «ቦታዋን ከለወጣችሁ በዚህ ስልክ ደውሉልኝ» እላለሁ፤ ቁጥሬንም ፋይሏ ላይ በትልቁ አስጽፌያለሁ። አንቺ ከመጀመሪያው ቀን አድርጊው።

በ6ኛው ቀን ደረቴ ላይ አደረጉልኝ። የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን ሲያጥር የተጀመረ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ማሞቂያ ባለበትም ቢሆን ከተወለዱ ወዲያው እንዲጀመር መክሯል። ስለዚህ ካልጠሩሽ አንቺ ጠይቂ። ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሳ በጡቶችሽ መሃል ቀጥ ብላ ትተኛለች፤ እግሮቿ እንደ እንቁራሪት፣ ፊቷ ወደ ጎን፣ አገጯ ቀና ያለ። በሰፊ ጨርቅ ይታሰራል፣ ከላይ ጋቢ። በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት፣ በበዛ ቁጥር ይሻላል። ከመግባትሽ በፊት ሽንት ቤት ሂጂ፤ ይሄን ማንም አይነግርሽም። አባትም ይችላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይነቃነቅ ቁጭ አለ፣ ሲነሳ አንገቱ አልዞር አለው።

አክስቴ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች፣ ለልጅቷ አፍ። «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ነው የማያድግ» እያለችም አጽናናችኝ። ይሄ እውነት አይደለም፤ በእናቱ ማሕፀን ብዙ የቆየ ልጅ የተሻለ ዕድል አለው። ግን ተኝተሽ ከአክስት ጋር አትከራከሪ። ሲስተሯን ጠራሁና «እስቲ ለእትዬ አስረጂልኝ» አልኳት። ከእናት ጡት ሌላ ምንም እንደማይቀመስ ስትነግራት አክስቴ ቅቤውን ለእኔ ገንፎ አደረገችው። ሁላችንም ተጠቀምን።

የወሊድ ፈቃድ ወረቀት ማስጨረሱን ለባለቤትሽ ስጪው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አለ፤ ለአባትም 3 ቀን። ከመውለድሽ በፊት የተኛሽበትን ቀን ለብቻ በሐኪም ወረቀት አስይዢ።

ስትወጪ 1,950 ግራም የሆነ ነገር ይዘሽ ታክሲ ውስጥ መግባት ያስፈራል። ካንጋሮውን ቤትም ቀጥዪ። መጥባት ካቆመች፣ ከቀዘቀዘች ወይም ካተኮሰች፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰች፣ አልነቃ ካለች ወይም መዳፏ ቢጫ ከሆነ ሳትውይ ሳታድሪ ተመለሺ። የዓይን ምርመራ ቀጠሮዋን አትርሺ፤ ቀድመው ለተወለዱ በጣም አስፈላጊ ነው። ክትባቱ በተወለደችበት ቀን ይቆጠራል፤ ፈገግታዋንና አንገት ማቅናቷን ግን መወለድ በነበረባት ቀን ቁጠሪ። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ እንግዳው ሁሉ «ምነው ገና የዛሬ ሳምንት የተወለደች መሰለች?» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ደብተሬን አወጣና 3,300 የሚለውን አሳየው ነበር።