ቪዲዮው አለ፣ ባለሙያው የለም

አንድ ወጣት ተዋናይ "ለኦዲሽን ልልከው ነው፣ እስቲ እይልኝ" ብሎ ቪዲዮ ላከልኝ። ከፈትኩት። ስሙ በወርቃማ ፊደል እየተሽከረከረ መጣ። ቀጥሎ ደመና። ቀጥሎ በድሮን የተቀረጸ ከተማ። ቀጥሎ የልጁ ጀርባ፣ በስሎው ሞሽን ሲራመድ። 48ኛው ሰከንድ ላይ ደርሻለሁ፤ ልጁ ገና ትንፍሽ አላለም።

ለዘፋኞች፣ ለተዋንያንና ለተወዛዋዦች ቪዲዮ ስቀርጽና ኤዲት ሳደርግ ዓመታት አልፈዋል። ይህቺን መግቢያ ስንት ጊዜ እንዳየኋት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ዛሬ ብሶቴን ልወጣው።

ኧረ መግቢያ ቀንሱ! የሚያያችሁ ሰው ማን ነው? ተዋናይ መራጭ ነው፣ ገና ብዙ ቪዲዮ ተደርድሮ የሚጠብቀው። ወይ ዝግጅት አሰናጅ ነው። ወይ ደግሞ ተጋድሞ ስልኩን የሚነካካ የማታውቁት ሰው ነው። የሦስቱም ጣት ስክሪኑ ላይ ነው። ሦስቱም አያዝኑላችሁም። ዘፋኝ ከሆናችሁ ድምፃችሁ ከመጀመሪያው ሰከንድ ይሰማ፤ ሙዚቃው እስኪሞቅ አትጠብቁ፣ አድማጭ ቀና ከሚልበት ቦታ ጀምሩ። ኮሜዲያን ከሆናችሁ "ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ፣ ዛሬ ደግሞ…" የሚለውን ተዉትና ቀልዱን አምጡት። ተዋናይ ከሆናችሁ ፊታችሁ ይታይ፣ ስትናገሩ ይሰማ፣ በቃ። ሾውሪል (ሥራችሁን የሚያሳየው የተቀነጨበ ቪዲዮ) ከ2 ደቂቃ ባያልፍ ይመረጣል፤ 1 ደቂቃም ይበቃል። ምርጡን ትዕይንት ለመጨረሻ የሚያስቀምጡም አሉ። እዚያ ድረስ ማን ይደርሳል?

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ በገዛ ቪዲዮ ውስጥ መደበቅ። አንዲት ተዋናይት ከሠራችው ድራማ ረጅም ትዕይንት ቆርጣ ሾውሪሏ ውስጥ ከተተችው። ትዕይንቱ ጥሩ ነው። ካሜራው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው አብራት የምትተውነውን ልጅ ነው። ለአንድ ዳይሬክተር አሳየሁላት። "ጎበዝ ናት፣ ስልኳን ስጠኝ" አለኝ። የትኛዋን እንዳለ ገብቷችኋል። ተወዛዋዦችም ከዚህ አታመልጡም። ግማሹ ቀረጻችሁ ከወገብ በላይ ነው፣ ግማሹ በየሰከንዱ ተቆራርጧል። እንዲህ ሲሆን የጨፈረው ኤዲተሩ ይመስላል። ከራስ እስከ እግር የሚታይ፣ ለ20 ሰከንድ ያህል ሳይቆረጥ የሚሄድ ቀረጻ አስገቡ።

ስለ ድምፅ። ሰው ጨለም ያለ ምስል ይታገሣል፤ የሚሰነጣጠቅ ድምፅ ግን ወዲያው ያልፈዋል። መድረክ ላይ ስትዘፍኑ ጓደኛችሁ ስፒከር ሥር ቆሞ በስልክ የቀረጸው ነገር ዘፈን አይደለም፣ ጩኸት ነው። ድምፁን በቀጥታ ከሚክሰሩ (ከመድረኩ ድምፅ ማደባለቂያ) ቅዱና በኋላ ከምስሉ ጋር አጋጥሙት። ቀረጻው ሲጀመር ካሜራው እያያችሁ ማይኩ አጠገብ አንዴ አጨብጭቡ፤ ምስልና ድምፅ ለማጋጠም ከዚህ የቀለለ ዘዴ የለም። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ መጋረጃና ልብስ ያለበትን ምረጡ። ደግሞ በስቱዲዮ ድምፅ ላይ ከንፈር ማንቀሳቀስ አይብዛ። መድረክ የሚሰጣችሁ ሰው ማወቅ የሚፈልገው በቀጥታ ስትዘፍኑ ምን እንደምትመስሉ ነው።

ለቲክቶክ፣ ለሪልስና ለሾርትስ ስልኩን ሳታጋድሙ ቀጥ አድርጋችሁ ቅረጹ፣ 9 በ16 (ወርዱ 9፣ ቁመቱ 16)። ከታች ጽሑፍ አታድርጉ፤ የመተግበሪያው ቁልፎች ይሸፍኑታል።

ተከታይ አትግዙ። 100 ሺህ ተከታይና 12 ላይክ አብረው ሲታዩ ነገሩ ለማንም ግልጽ ነው።

የሰው ዘፈን ተጫውታችሁ ስትለቁ "መብቱ የባለቤቱ ነው" ብሎ ከሥር መጻፍ ከምንም አያድንም። ዩቲዩብ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮንቴንት አይዲ የሚባል አውቶማቲክ መፈተሻ አለው። እሱ ሲይዛችሁ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የማስታወቂያው ገቢ ወደ ባለመብቱ መሄድ ነው። ስትራይክ (የመብት ጥሰት ማስጠንቀቂያ) ግን ሌላ ነው። በ90 ቀን ውስጥ 3 ስትራይክ ከተቆጠረባችሁ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ጀማሪዎች ሁለቱን እያምታቱ ወይ በከንቱ ይደነግጣሉ፣ ወይ መደንገጥ ሲገባቸው ይተኛሉ። የራሴ ዘፈን ነው የምትሉም ውላችሁን አንብቡ። ቀረጻው በስምምነት የአሳታሚው ከሆነ እናንተው ልትያዙ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። ሃርድ ዲስኬ ሲሞላ "ዩቲዩብ ላይ አለ" ብዬ ዋናውን ፋይል አጠፋ ነበር። አንድ ዘፋኝ የድሮ ኮንሰርቱን ለቴሌቪዥን ፈለገው። ከኢንተርኔት አውርጄ የሰጠሁት በትልቅ ስክሪን ሲታይ ፊቱ የተፈጨ ይመስል ነበር። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ሰርቨር ሲያዛውር የብዙ ዓመት ሙዚቃ መጥፋቱን በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሲናገር ሌላ ቦታ ያላስቀመጡት ሰዎች ምን ተሰማቸው ይሆን? ቫይን የተባለው የአጭር ቪዲዮ መተግበሪያ ደግሞ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ጭራሽ ተዘጋ። ዋናውን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

አካውንቱ በማን ስልክና ኢሜይል ነው የተከፈተው? በቀድሞ ማናጀር ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። አንዲት ዘፋኝ ከማናጀሯ ጋር ተጣልታ ለወራት የራሷን ገጽ እንደ ማንኛውም ተመልካች ከውጭ ስታይ ከርማለች። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሩ። "መብት ጥሳችኋል፣ ይህን ሊንክ ተጫኑ" የሚል መልእክት ከመጣ አትንኩት፤ የሌባ ነው።

ያ ልጅ ቪዲዮውን አስተካክሎ መልሶ ላከልኝ። 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሆኗል። ገና ሲጀምር ፊቱ አለ፣ እያለቀሰ ይናገራል፣ በእውነት ጎበዝ ነው። እስከ መጨረሻው አየሁት። ስልክ ቁጥር የለም። ኢሜይል የለም። ገጹ ላይ ገባሁ፣ እዚያም የለም። ስሙ ራሱ ቲክቶክ ላይ አንድ ዓይነት፣ ኢንስታግራም ላይ ሌላ ዓይነት አጻጻፍ ነው። ደወልኩለትና "ሥራ ሊሰጥህ የፈለገ ሰው የት ያግኝህ?" አልኩት። "አንተ ጋ አለ አይደል ቁጥሬ?" አለኝ።