ያለ ዱቤ መስከረም 30 መድረስ

ደሞዝተኛ ዕዳ ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በድንገተኛ ነገር አይደለም፤ ቀኑ ዓመት ሙሉ በሚታወቅ ነገር ነው። ደሞዝ በዓመት 12 ጊዜ ይገባል፣ የምንበላው ግን 13 ወር ነው። የነሐሴ ደሞዝ እስከ መስከረም 30 ድረስ 35 ቀን (በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36) መቆየት አለበት። በዚያ መሃል እንቁጣጣሽ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ መስቀልም አሉ። የቤት ኪራይ ጳጉሜን አይቆጥርም፣ ሆድ ግን ይቆጥራል። የመስከረም ብድር ሳይዘጋ ገና ይደርሳል፤ የገናው ሳይዘጋ ፋሲካ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጻፈው የወሩ ሳይሆን የዓመቱ ወጪ ነው። አንድ ገጽ ላይ ወራቱን ደርድሩና አምና በየበዓሉ የወጣውን ዕቃ በዕቃ ጻፉ፦ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ የልጆች ልብስ፣ ለዘመድ የሚላክ። መጠኑን ከአምናው ውሰዱ፣ ዋጋውን ግን በዘንድሮ ገበያ አስሉት።

እጁ ላይ በወር 12,000 ብር የሚገባ ቤተሰብ እንውሰድ። ለገና 2,500፣ ለበርበሬ ዝግጅት 1,900፣ ለፋሲካ 4,000፣ ለመስከረም በጠቅላላ 6,000 ይፈልጋል። ድምሩ 14,400 ነው፣ በወር 1,200። ድምር ብቻ ግን አይበቃም፤ ገንዘቡ በጊዜው መድረሱም መታየት አለበት። ከመስከረም 30 ጀምሮ የተቆረጠው እስከ ህዳር መጨረሻ 3,600 ይሆናል። ገና 2,500ውን ወስዶ 1,100 ይቀራል። የታህሳስና የጥር ሲጨመር 3,500፤ በርበሬው በየካቲት ሲገዛ 1,600 ይተርፋል። የየካቲትና የመጋቢት ተደምሮ 4,000 ሲሞላ ፋሲካ ይሸፈናል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ያሉት አምስት ወራት ደግሞ 6,000 ያመጣሉ። በርበሬውን በታህሳስ እንግዛ ብትሉ ኖሮ ከገና ጋር ተጋጭቶ 800 ብር ይጎድል ነበር። እንዲህ ያለው ግጭት ነው ሰውን ጎረቤት ቤት የሚያስኬደው። ፋሲካ መጋቢት ውስጥ በሚውልበት ዓመት የመጋቢቱ ደሞዝ ስለማይደርስ፣ በርበሬው ከበዓሉ በኋላ ይሁን። ኢድ አልፈጥርና አረፋን የሚያከብር ቤት በዓላቱ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድመው ስለሚመጡ ሠንጠረዡን ዓመት በዓመት እንደገና ይሥራ።

ጳጉሜ ለብቻው ይታሰብ። የቤቱ የዕለት ወጪ 180 ብር ከሆነ አምስቱ ቀን 900 ብር ይፈልጋሉ፤ ለ12 ሲካፈል በወር 75 ብር።

ገንዘቡ የሚነሳው ደሞዝ በገባበት ዕለት ነው። የወር መጨረሻ ትርፍ የሚጠብቅ ሰው ትርፍ አያገኝም። ማስቀመጫው ካርድ ያልወጣለት፣ ከስልክ ጋር ያልተያያዘ ሌላ የቁጠባ ደብተር ቢሆን ይመረጣል። እዚህ ላይ ከወለዱ ይልቅ የሚጠቅመው ለእጅ መራቁ ነው።

አሁን ዱቤ ላይ ያላችሁ ከሆነ ይህን ዕቅድ ወዲያው መጀመር አትችሉም። የሱቅ ዱቤ ባሕርዩ እንዲህ ነው፦ ደሞዝ ሲገባ 3,000 ትከፍላላችሁ፣ ደሞዙ በዚያው ልክ ስለሚጎድል በወሩ አጋማሽ እንደገና 3,000 ትወስዳላችሁ። በየወሩ አዲስ ዕዳ ይመስላል እንጂ ያው አንዱ 3,000 ነው የሚዞረው። በአንድ ጊዜ ልቁረጠው ያለ ሰው በ20ኛው ቀን ተመልሶ ሱቁ ደጃፍ ይቆማል፣ ያውም አፍሮ። የሚሠራው መንገድ ጣሪያውን በየወሩ ማውረድ ነው፦ ዘንድሮ ጥቅምት 3,000 ከፍላችሁ ከ2,250 በላይ አትውሰዱ፤ በቀጣዩ ወር ከ1,500፣ ከዚያ ከ750፣ በአራተኛው ወር ምንም። በየወሩ መጨመቅ ያለበት 750 ብር ብቻ ነው። የባለሱቁ መዝገብ ላይ የሚጻፈውን በራሳችሁ ደብተርም ጻፉ። ልጅ ተልኮ በዱቤ እንዳያመጣም ለባለሱቁ ንገሩት፤ ዱቤ የሚያብጠው በለስላሳና በብስኩት ነው። ስትጨርሱ የዱቤ ሱቁንና የሸማቾች ማኅበር ሱቁን የዘይትና የስኳር ዋጋ አስተያዩ። ልዩነቱ የዱቤው ወለድ ነው፣ ስሙ ባይጠራም።

የስልክ ብድርም ከዚህ አይለይም። ለምሳሌ 1,000 ብር ለአንድ ወር ተበድራችሁ 60 ብር የአገልግሎት ክፍያ ብትከፍሉ ትንሽ ይመስላል። በየወሩ ስትደግሙት ግን በዓመት 720 ብር ሄዷል፣ 1,000ውም እንዳለ አለ።

ዕቁብ ጥሩ ነው፣ ምን እንደሆነ ካወቁት። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ያለወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ የወጣለት አበድሯል፣ ያውም ዋጋ በሚንርበት አገር። ስለዚህ ቀኑ ባልታወቀ ዕጣ ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ አታንጠልጥሉ። ከመግባታችሁ በፊት ተራ መለዋወጥ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ዋስ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ፣ ሰው ሲያቋርጥ ማን እንደሚከፍል ዳኛውንና ጸሐፊውን ጠይቁ። ሁለት ዕቁብ ገብቶ አንዱን በሌላው የሚከፍል ሰው መጨረሻው ዕጣውን በቅናሽ መሸጥ ነው። ዕድር ግን ቢቸግርም አይዘለል፤ ሐዘን ቤት ሲገባ ድንኳኑንና ወጪውን ብቻችሁን መሸከም የዓመት ቁጠባ ይበላል።

ኪራይ ላይ መብታችሁን እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የስድስት ወር ቅድሚያ ለመክፈል ተበድሮ ቤት መግባት ስለዚህ አያስፈልግም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብም።

ከምግብ ወጪ ትልቁ ጤፍ ነው፣ ቁጠባም እዚያ ላይ ይገኛል። አዲሱ ምርት በህዳርና ታህሳስ ስለሚሰበሰብ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከታህሳስ እስከ የካቲት ረገብ ይላል፣ ክረምት ላይ ይወጣል። ጤፍ ጥቃቅን በመሆኑ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፣ በደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ይቆያል። ባቄላና ሽምብራ ግን እንዲህ አይደሉም፤ የሁለት ወር ብቻ ያዙ። ኩንታል መግዛት ካልቻላችሁ አንዱን ኩንታል አራት ቤት ሆናችሁ 25 25 ኪሎ ተካፈሉ፣ ሚዛኑ ላይ ሁላችሁም ቁሙ። በእህልነቱ አስቀምጡ፣ የሚፈጨው የሁለት ሳምንት ነው። አንድ ጊዜ የተፈጨው ስንት እንጀራ እንደወጣው ቁጠሩ፤ ቤተሰቡ በቀን የሚበላው ሲታወቅ ኩንታሉ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብና ብዙው የሚባክነው እስኪግል ስለሆነ፣ በሳምንት ሁለቴ ከመጋገር አንዴ አከታትሎ መጋገር ይሻላል። ሊጡ የሚበዛ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተራ ተያዙ፦ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀጥላለች፣ የቆጣሪውም ሂሳብ በእንጀራው ቁጥር ይካፈላል።