ያለ ቃል ማሳቅ፦ ከሚስተር ቢን የሚቀዳ አሠራር

እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ሮዋን አትኪንሰን ሚስተር ቢን የተባለውን ቃል የማያበዛ ገጸ ባሕርይ የተወነበት የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ተከታታይ 15 ክፍል ብቻ ነው፤ ከ1990 እስከ 1995 እ.ኤ.አ.፣ እያንዳንዱም 25 ደቂቃ ገደማ። ያ ጥቂት ሥራ ግን ያለ አስተርጓሚ ዓለምን አዳርሷል። በስልክ አጫጭር ኮሜዲ ለሚሠራ ወጣት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አናውቅም። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ የሚቀዱት የፊቱን መጣመም ብቻ መሆኑ ነው፤ ሳቁ የሚመጣው ግን ፊቱ ከመጣመሙ በፊት ከታሰበው ነገር ነው።

መጀመሪያ አንድ ትዕይንት መርጣችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ ተመልከቱ። ፓርክ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሳንድዊች የሚሠራበትን ምረጡ። አጠገቡ ያለው ሰው ተዘጋጅቶ የመጣ ሳንድዊቹን ይዟል። ቢን ከኮቱ ውስጥ ሙሉ ዳቦ አውጥቶ በመቀስ ይቆርጣል፤ ቅቤውን በባንክ ካርድ ይቀባል፤ ሰላጣውን ቧንቧ ላይ አጥቦ ካልሲው ውስጥ ይከትና እያወዛወዘ ያደርቃል፤ ቁንዶ በርበሬውን በመሀረብ ጠቅልሎ በጫማው ይደቁሳል። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ በሦስት ዓምድ አስፍሩ፦ ምን ፈለገ፣ ምን ከለከለው፣ በምን ተወጣው። ስትጨርሱ ቂል የሚመስለው ዘዴ ሁሉ በትክክል እንደሚሠራ ታያላችሁ። መቀስ ዳቦ ይቆርጣል፣ ካርድ ቅቤ ይቀባል፣ ካልሲ ውሃ ያሳልፋል። አትኪንሰን ኒውካስል ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ኦክስፎርድ ማስተርሱን የሠራ ሰው ነው፤ የመሐንዲስ አእምሮው እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየናል።

አሁን ወደ ራሳችሁ ታሪክ። ፍላጎቱ ትንሽና በዓይን የሚታይ ይሁን። «ሀብታም መሆን» አይቀረፅም፤ አንድ ትሪ፣ 30 እንቁላል፣ በሚኒባስ ታክሲ ሳይሰበር ቤት ማድረስ ግን ይቀረፃል። ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ሰውዬው ትሪውን ከጭንቅላቱ በላይ ያነሳል። «ሒሳብ!» ሲባል እጁ ስለተያዘ ትሪውን እንቅልፍ የወሰደው ተሳፋሪ ጭን ላይ ያስቀምጣል። የተኛው ሰው አንገቱ ወደ እንቁላሉ ሲዘነበል በትከሻው ይደግፈዋል። ከዚያ መውረጃው ይደርሳል፤ «ወራጅ አለ» ብሎ ቢጮህ የተኛው ይነቃል፣ ዝም ቢል ያልፈዋል። ለሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አራት እንቅፋት ይበቃል፤ ዋናው ነገር እያንዳንዱ እንቅፋት ካለፈው መፍትሔ መወለዱ ነው። ከውጭ ድንገት የመጣ እንቅፋት (ውሻ፣ ዝናብ፣ ፖሊስ) ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል።

ለልምምድ ድንች ተጠቀሙ፣ ለቀረፃ ግን እውነተኛ እንቁላል፤ የሚሰበር ካለ ሁለተኛ ትሪ ይዘጋጅ። አስኳሉ የወጣለት ባዶ ቅርፊት ክብደት ስለሌለው የተዋናዩ ክንድ ወዲያው ያጋልጠዋል።

ትወናው ላይ አትኪንሰን ቢንን በትልቅ ሰው አካል ውስጥ ያለ ሕፃን ይለዋል። ሕፃን ደግሞ የዋህ ብቻ አይደለም፤ ራስ ወዳድም ነው፣ ፈተና ላይ ይኮርጃል። ገጸ ባሕርያችሁ እንደሚያስቅ አይወቅ። ካሜራ ካየና ፈገግ ካለ ትዕይንቱ አበቃ። ከእያንዳንዱ መፍትሔ በፊት ሁለት ሰከንድ ያህል ይቁም፦ ዕቃውን ይይ፣ ጎረቤቱን ይይ፣ ከዚያ ያድርግ። ይህ ፋታ ከሌለ ተመልካቹ ሐሳቡን ቀድሞ ለመገመት ጊዜ አያገኝም፤ የሚያየው ጥድፊያ ብቻ ይሆናል። አጠገቡ ያለው ተዋናይም ምንም አይሥራ፤ «ኧረ!» ብሎ የሚደነግጥ ጎረቤት የተመልካቹን ሳቅ ይቀማል።

ካሜራውን ደረት ከፍታ ላይ ትከሉት፤ እጅና ፊት በአንድ ሾት ውስጥ ይግቡ። እጁን ለብቻ፣ ፊቱን ለብቻ ቀርፆ በኤዲት ማገናኘት በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው፤ ዘዴውና ሐሳቡ አብረው ካልታዩ ቀልዱ ይለያያል።

ከቢን ስትቀዱ ስለ ባህል ልዩነት አንድ ምሳሌ እንስጥ። ሬስቶራንት ገብቶ ያዘዘው ሥጋ ጥሬ ሆኖ ይመጣበታል፤ በአበባ ማስቀመጫ፣ በዳቦ፣ በስኳር ዕቃ፣ በሰው ቦርሳ ውስጥ ይደብቀዋል። ጥሬ ክትፎ ለሚወድ ተመልካች ሥጋው አስጸያፊ አይደለም። ትዕይንቱ እኛን የሚያስቀን ቢን ላዘዘው ምግብ «አልወደድኩትም» ማለት ስላቃተው ነው። ይሉኝታ! እኛ ዘንድ ሞልቶ የተረፈ ነዳጅ ስለሆነ ታሪካችሁን በእሱ ላይ ገንቡት።

አትኪንሰን ይንተባተባል፤ በተለይ «ቢ» የሚለው ድምፅ ይከብደዋል፣ ገጸ ባሕርይ ሲላበስ ግን ብዙ ጊዜ እንደሚለቀው ተናግሯል። ለሚንተባተብ ጀማሪ ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ከመልቀቃችሁ በፊት ሞክሩት። አትኪንሰን ገና በ1987 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል በተደረገው የኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ በእንግሊዝኛው ሳይሆን በፈረንሳይኛው መድረክ ላይ ልቅረብ ብሎ ጠይቋል፤ ሥራው ያለ ቋንቋ መቆሙን ማየት ፈልጎ ነበር። እናንተም አማርኛ ለማይሰማ ሰው አሳዩ፦ አዲስ አበባ ላላችሁ ለውጭ አገር እንግዳ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ላላችሁ ለሥራ ባልደረባ። ሙዚቃ ሳትጨምሩ፣ ምንም ሳታስረዱ፣ ስልኩን ሰጥታችሁ ፊቱን ብቻ ተመልከቱ። «ምን እያደረገ ነው?» ብሎ የጠየቀበትን ቦታ መዝግባችሁ ያንኑ ሾት እንደገና ቅረፁ።