ዛንዚባር ላይ ርካሽ ማደሪያ ያገኘሁት እንዲህ ነው

ኑንግዊ ባሕር ዳርቻ ያሉት ሆቴሎች ዋጋቸው አይቀመስም። ኢንተርኔት ላይ ሦስት ቀን ባስስም ጠብ ያለ ነገር የለም። መጨረሻ ላይ ኑንግዊን ትቼ በምሥራቅ በኩል ወዳለችው ጃምቢያኒ ዞርኩ። ደግሞ ሳምንቱን በሙሉ አልያዝኩም፤ የአንድ ሌሊት ብቻ ይዤ የቀረውን በእግሬ ፈለግኩ። ከስቶን ታውን፣ ከዛንዚባር ከተማ አሮጌው ሰፈር፣ የሄድኩት በዳላዳላ ነው፣ የእነሱ ታክሲ መሆኑ ነው።

ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል አገኘሁ። ሳምንት እቆያለሁ ስላቸው የግቢው ባለቤት ቀነሱልኝ። ከመክፈሌ በፊት አጎበሩን ዘርግቼ፣ ወደ መስኮቱ አዙሬ ቀዳዳ ፈለግኩ። ሁለት ነበረው፤ ተቀየረልኝ።

አንድ ጣጣ አለው፦ እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ነው የሚሸሸው። መዋኘት ካማራችሁ ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ጠይቁ።