ግራፍ ላይ ያየነው መስመር በእርግጥ መስመር ነው ወይስ ዓይናችን ነው ያሳተን?

ወሎ ውስጥ አንድ ቤት እንቁጣጣሽም ዒድም ይከበራል። አንዱ በፀሐይ ይቆጠራል፣ ሌላው በጨረቃ። ስለዚህ ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ይመጣል፣ በ33 ዓመቱም ዞሮ የሚገጥም ይመስላል። ብትቆጥሩት ግን 34 የጨረቃ ዓመት ከ33 የፀሐይ ዓመት 5 ቀን ገደማ ያንሳል። ገጠመ ሲሉት ያመልጣል። ኳዚፔሪዮዲክ እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው፤ የሁለት ዙሮች ምጥጥን በክፍልፋይ አይጻፍም፣ መንገዱ ራሱን ይጠጋል እንጂ አይደግምም።

አንድ እንቅስቃሴ እንዲህ ያለ መሆኑን በኮድ እንዴት እንደምንለይ እንይ። ለልምምድ ስታንዳርድ ማፕ የሚባለው፣ የሚሽከረከር ነገር በየእርምጃው ሲገፋ የሚያሳየው ቀላል ቀመር ይበቃል። ሁለት መስመር ኮድ ነው፦

አዲስ ፍጥነት = ፍጥነት + ኬ × ሳይን(ማዕዘን)
አዲስ ማዕዘን = ማዕዘን + አዲስ ፍጥነት

ኬ የግፊቱ ጥንካሬ ነው። ኬን 0.6 አድርጉ፣ ማዕዘኑን ከ0፣ ፍጥነቱን ከ3.9 አስነሱና ነጥቦቹን ሳሉ። ለስላሳ መስመር ከሠሩ ኳዚፔሪዮዲክ ሊሆን ይችላል፣ ከተበተኑ ኬኦስ ነው፣ ማለትም ሥርዓት አልባ እንቅስቃሴ። "ሊሆን ይችላል" ያልኩት አውቄ ነው። ቀጭን የኬኦስ ቀበቶ ግራፍ ላይ ልክ እንደ ለስላሳ መስመር ይታያል።

ስለዚህ የዙር ቁጥሩን አስሉ፤ በአንድ እርምጃ በአማካይ ስንት ዙር እንደሚሄድ ማለት ነው። እዚህ ጋ እኔ አንድ ማታ ሙሉ ተቃጥያለሁ። ማዕዘኑን በየእርምጃው ከ2ፓይ በታች እየመለስኩ ሳሰላው አማካዩ ዘባረቀብኝ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በረካው አልቆ ነው የገባኝ። መመለስ ለሥዕል ብቻ ነው፤ ለሒሳቡ ማዕዘኑ እንዳሻው ይደግ።

ተራው አማካይ ልክ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው። 10,000 እርምጃ ሮጣችሁ 4 አሃዝ ገደማ ብታገኙ ነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያውና መጨረሻው ዙር ሳይሞላ ይቆረጣል። መላው ጫፎቹን ማለስለስ ነው። የሒሳብ ሊቁ ጄምስ ዮርክና ባልደረቦቹ የሠሩበት፣ ለመሃሉ እርምጃዎች ብዙ፣ ለጫፎቹ ትንሽ ቦታ የሚሰጠው ክብደት ይኸውና፦

ክብደት = ኤክስፕ(−1 ÷ (ት × (1 − ት)))

ት ማለት የእርምጃው ተራ ቁጥር ለጠቅላላው ሲካፈል ነው። 0ን እና 1ን ዝለሉ፣ አለዚያ በዜሮ ታካፍላላችሁ። እያንዳንዱን የማዕዘን ጭማሪ በክብደቱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ከዚያ ለክብደቶቹ ድምርና ለ2ፓይ አካፍሉ። በዚያው 10,000 እርምጃ ብዙ ጊዜ ከ10 በላይ ትክክለኛ አሃዝ ይወጣል። መጀመሪያ ሳየው ኮዴ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

አሁን ፍርዱ ቀላል ነው። ከ1 እስከ 10,000 አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እስከ 20,000 ሌላ ጊዜ አስሉ። ሁለቱ በ12 አሃዝ ከተስማሙ መንገዱ ሥርዓት አለው፤ 3 ወይም 4 አሃዝ ላይ ከተለያዩ ኬኦስ ነው። ቁጥሩ 0.5 ወይም 0.333… ላይ ተቆልፎ ከቆየ ደግሞ ሬዞናንስ ደሴት ውስጥ ገብታችኋል፣ ማለትም የዙሮቹ ምጥጥን በክፍልፋይ የተቆለፈበት ቦታ፤ መነሻውን ትንሽ አንቀሳቅሱት።

ልዩነታዊ እኩልታ (ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን) ላይ ስትሠሩ ነገሩ ያው ነው፣ መጀመሪያ በፖይንካሬ ቁራጭ፣ ማለትም መንገዱ አንድን የተመረጠ ገጽ ባቋረጠ ቁጥር ነጥብ በመመዝገብ፣ ወደ ነጥቦች ቀይሩት። ኃይል የማይባክንበት ሥርዓት ከሆነ እኩልታውን በእርምጃ ለመፍታት ሊፕፍሮግ የሚባለውን ዘዴ ተጠቀሙ፤ የተለመደው ሩንጌ ኩታ የሚባለው ዘዴ በረጅም ሩጫ ኃይሉን ቀስ በቀስ ይሸረሽረዋል።

ከዚያ ወደ ስታንዳርድ ማፑ ተመልሳችሁ ኬን ከፍ አድርጉ። የዙር ቁጥሩ ወርቃማው 0.618 የሆነው መስመር የሚፈርሰው ኬ 0.9716 ገደማ ሲደርስ ነው፣ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ግሪን በ1979 እ.ኤ.አ. ያገኘው። ወደዚያ ስትጠጉ መስመሩ ይሻክራል፣ የሚስማሙት አሃዞችም ይቀንሳሉ። አብሽሩ፣ ኮዱ አልተበላሸም፤ እርምጃውን ወደ 100,000 አሳድጉና እንደገና አስሩጡት።