የሩጫ ሰዓትና የእግር ሴንሰር ርቀት አልገጥም ሲል እንዴት ይስተካከላል?

ሰዓቱ 10.2 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ጫማው ላይ ያለው ሴንሰር ደግሞ 9.8። የቱን እንመን? ለጊዜው የትኛውንም።

ሰዓቱ ያላችሁበትን ቦታ በጂፒኤስ ነጥብ በነጥብ ይመዘግብና ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር ያገናኛል። ገላጣ ቦታ ላይ ጎበዝ ነው። ፎቅ በበዛበት ግን የሳተላይቱ ሲግናል ግድግዳ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ፣ እናንተ አስፋልት ላይ ሆናችሁ ካርታው ሕንፃ ውስጥ ሲያስሮጣችሁ ታያላችሁ። ሴንሰሩ ከሳተላይት ጋር ጉዳይ የለውም። የእግራችሁን እንቅስቃሴ እያየ ርቀቱን ያሰላል፤ ስለዚህ ዋሻ ውስጥም ትሬድሚል ላይም ይሠራል። ለእናንተ አረማመድ ካልተስተካከለ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ አቅጣጫ፣ ወይ እያሳነሰ ወይ እያበዛ፣ ይሳሳታል። ደግነቱ እንዲህ ያለው ስህተት ይታረማል። የጂፒኤሱ ግን ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ ነው።

መጀመሪያ 400 ሜትር መም ፈልጉ። አንደኛው መስመር ላይ ሩጡ፣ ምክንያቱም 400 የሚሞላው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም የሚለካው ከውስጥ ጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ተርቆ ነው። ስምንተኛው መስመር ላይ አንድ ዙር ከ450 ሜትር ያልፋል።

ሴንሰሩን የጫማ ክሩ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ እንዳይወዛወዝ። ከዚያ የሰዓቱን ሴቲንግ ክፈቱና ርቀትም ፍጥነትም ከሴንሰሩ እንዲወስድ አድርጉ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሴንሰሩ ስለተገናኘ ብቻ ቁጥሩ ከእሱ የሚመጣ ይመስለዋል፣ ሰዓቱ ግን ጂፒኤስ እስካለ ድረስ ከጂፒኤስ እየወሰደ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩን ከጂፒኤሱ ጋር እያመሳከረ በራሱ የሚያስተካክል አማራጭ ካለውም አጥፉት፤ አለዚያ ሴንሰሩ የጂፒኤሱን ስህተት ይወርሳል።

አሟሙቁና በለመዳችሁት ፍጥነት 5 ዙር ሩጡ። 2000 ሜትር ነው። ሰዓቱን የምታስነሱትም የምታቆሙትም እዚያው መስመር ላይ ይሁን። ሴንሰሩ 1940 ካለ 2000ን ለ1940 አካፍሉ፣ 1.031 ይመጣል። ይህን ሴቲንጉ ላይ ባለው የማስተካከያ ቁጥር አባዙት፤ 100 ከነበረ 103.1 ይሆናል ማለት ነው። አዲሱን አስገብታችሁ ድገሙት። ፈጠን ብላችሁም ሞክሩ፣ እርምጃ በፍጥነት ይለወጣልና። የሁለቱ ውጤት ከተራራቀ አብዛኛውን ጊዜ ለምትሮጡበት ፍጥነት የሚሆነውን ያዙ። ጫማ ስትቀይሩም እንደገና ፈትሹት።

ለጂፒኤሱ ያን ያህል የምታደርጉት ነገር የለም። ሳተላይት እስኪይዝ ቆማችሁ ጠብቁ፣ ምዝገባውን በየሰከንዱ አድርጉት፣ በቃ። እኔ በበኩሌ እየሮጥኩ ፍጥነቴን የማየው ከሴንሰሩ ነው፤ አዲስ መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ለማወቅ ግን፣ ገላጣ ከሆነ፣ ሰዓቱን እመርጣለሁ።

ማራቶን ላይ ሰዓቱ ከ42.195 በላይ ቢላችሁ ደግሞ አዘጋጁን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ጎዳናው የሚለካው በብስክሌት፣ መሮጥ በሚቻልበት አጭሩ መስመር ነው፤ እንዳያንስም 0.1 በመቶ ይጨመርበታል፣ ለማራቶን 42 ሜትር ገደማ። በሰው መሃል እየተሹለከለኩ ያንን መስመር ይዞ የሚጨርስ የለም። ስለዚህ በራሱ ላፕ (የእያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ሰዓት) የሚቆጥረውን አጥፉና የኪሎ ሜትር ምልክት ባያችሁ ቁጥር ላፑን በእጃችሁ ተጫኑ።